«አስረካቢ» ማን ነው?
በአልጀብራ መግቢያ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

የአልጀብራ ጀማሪ ከቁጥርና ከፊደል ስሌት አልፎ ወደ ረቂቅ ሐሳብ የሚሻገረው «ዝምድና» እና «ፈንክሽን» የተባሉትን ጽንሰ ሐሳቦች ሲያገኝ ነው። ለመጀመሪያው «ዝምድና» የሚለው ስያሜ ጸንቷል ማለት ይቻላል። ለሁለተኛው ግን በአማርኛ ጽሑፎች ውስጥ «ፈንክሽን»፣ «ተግባር» እና «አስረካቢ» የሚሉ ሦስት ቃላት ሲፎካከሩ ይታያሉ። ይህ ጽሑፍ በተለይ የመጨረሻውን ለመመርመር ይሞክራል። ምሳሌዎቻችንን ከደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅና ከአምባሰል አካባቢ እንወስዳለን፤ ሙያዊ ቃል የሚፈተነው በአንድ በታወቀ አገር የሚኖር ተማሪ በዕለት ቋንቋው ሲያስብበት ነውና።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የሁለተኛ ደረጃው ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። በ2002 ዓ.ም. የታተመው የዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ አራተኛው ምዕራፍ ስለ ዝምድናና ፈንክሽን የሚያስተምር ነበር። እንግዲህ የሐይቅ ወይም የውጫሌ ተማሪ ቁጥርን በአማርኛ ተምሮ፣ የአልጀብራን ዋነኛ ሐሳብ የሚቀበለው የማስተማሪያ ቋንቋው በተለወጠበት ደረጃ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ መምህሩ ነገሩን በአማርኛ ሊያፍታታ ሲነሣ የሚይዘው ስያሜ የተጣመመ ከሆነ፣ ማብራሪያው ራሱ መሰናክል ይሆናል።

«ተግባር» ብዙ ክርክር አያሻውም። ላቲኑ «ማከናወን» የሚል ትርጉም ስለነበረው የተወሰደ ነው። ላይብኒትዝ ቃሉን ወደ ሒሳብ ያስገባው በ17ኛው ምእት ዓመት ሲሆን፣ ዲሪሽሌ በ1837 እ.ኤ.አ. ጽንሰ ሐሳቡን ለእያንዳንዱ ዋጋ አንድና አንድ ብቻ ተጓዳኝ ዋጋ የመመደብ ጉዳይ አድርጎ ሲያቀርበው የጥንቱ ትርጉም ከሒሳቡ ርቆ ቀርቷል። የልብ ተግባር ደም መርጨት ነው እንላለን፤ በሁለት ስብስቦች መካከል ያለውን ምደባ «ተግባር» ማለት ግን የእንግሊዝኛውን ድምፅ እንጂ ነገሩን መተርጐም አይደለም።

«ዝምድና» የተሻለ ቃል ነው፤ ዳሩ ግን አንድ ነገር ይደብቃል። በእኛ ቋንቋ ዝምድና የጋራ ነው፤ ከድር የአሊ ዘመድ ከሆነ አሊም የከድር ዘመድ ነው። የሒሳቡ ዝምድና ይህን ግዴታ አያውቅም፤ 7 ከ3 ይበልጣል፣ 3 ግን ከ7 አይበልጥም። ስለዚህ መምህሩ አቅጣጫ የሚባለውን ነገር ገና ከመጀመሪያው ማስገንዘብ ይኖርበታል። ለዚህም አገሩ ራሱ ምሳሌ አያጣም። «ሐይቅ» የውኃው ስም ነው፣ የከተማው ስም ነው፣ ጥንታዊው የእስጢፋኖስ ገዳምም በዚሁ ይጠራል። «አምባሰል» ተራራ ነው፣ ወረዳ ነው፣ ከአራቱ የዜማ ቅኝቶችም አንዱ ነው። ከስም ተነሥተን ወደ ተሰያሚው ስንሄድ አንዱ ስም ወደ ብዙ ነገር ያደርሰናል፤ ይህ ዝምድና ነው፣ ፈንክሽን ግን አይደለም። ከተሰያሚው ተነሥተን ወደ ስሙ ስንመለስ፣ ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ስም ብቻ እስከ መደብን ድረስ፣ ፈንክሽን አገኘን። ጥንዶቹ አንድ ናቸው፤ የተለወጠው አቅጣጫው ብቻ ነው።

የአማርኛ ሰዋስውም ይህን ልዩነት ያውቀዋል። «የዘይነባ እናት መጣች» ሲባል ሰሚው «የትኛዋ?» ብሎ አይጠይቅም። «የዘይነባ ወንድም መጣ» ሲባል ግን ወንድሞቿ ብዙ ከሆኑ ጥያቄው ይከተላል። ይህ ቀላል መፈተኛ በክፍል ውስጥ ከብዙ ሥዕላዊ ቀስት ይበልጥ ይረዳል ብለን እናምናለን።

ወደ ዋናው ጉዳያችን ስንመለስ፣ «አስረካቢ» የሚለውን ቃል ያመጡ ሰዎች ያለ ማስተዋል አላደረጉትም። በግእዝ «ረከበ» ማለት «አገኘ» ነው፤ አማርኛው «ተረከበ»ና «አስረከበ» የሚሉትን ከዚሁ ሥር ይዟል። «አስ-» አስደራጊ ቅጥያ በመሆኑ፣ በሥርወ ቃሉ «አስረካቢ» የሚያስገኝ፣ የሚያገናኝ ማለት ይሆናል። እያንዳንዱን ቁጥር ከተጓዳኙ ጋር የሚያገናኘውን ደንብ እንዲህ ብሎ መሰየም በሥርወ ቃል ሚዛን ነውር የለበትም።

ነገር ግን ተማሪ በሥርወ ቃል አያስብም። በየመሥሪያ ቤቱ ንብረት ክፍል በርክክብ ሰነድ ግርጌ «የአስረካቢ ስምና ፊርማ»፣ «የተረካቢ ስምና ፊርማ» የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉ። አስረካቢው ዕቃውን የሚሰጠው ሰው ነው፤ ርክክቡ የሚፈጸምበት ደንብ አይደለም። አሁን «መ = 2ሀ + 1» የሚለውን እንውሰድ። ሀ 3 ሲሆን መ 7 ይሆናል። በዕለት አማርኛ የሚያስብ ተማሪ 3 አስረካቢ፣ 7 ተረካቢ ነው ይላል፤ መጽሐፉ ግን «አስረካቢ» የሚለው ሁለት አባዝቶ አንድ የሚጨምረውን ደንብ ነው። ስያሜው ያረፈው ከሦስቱ ወገኖች ባልሆነው ላይ ነው። (የሚረከበው ዕቃስ ምንድን ነው? ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ቢነሣም ሊነቀፍ አይገባውም።) ጀማሪዎች ዋጋውንና ደንቡን ሲያደባልቁ ጥፋቱን ሁሉ በእነሱ ላይ መጣል ስለዚህ ፍትሕ አይደለም።

የአገራችን ጥንታዊ ትምህርት ይህን መደባለቅ እንዴት እንዳመለጠ መመልከት ይጠቅማል። በ13ኛው ምእት ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ባስተማሩበት በሐይቅ እስጢፋኖስ አገር ባሕረ ሐሳብ እንግዳ ነገር አይደለም። ለ2017 ዓ.ም. 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 11 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 121፣ ለ30 ተካፍሎ ቀሪው 1 አበቅቴው ይሆናል። ለአንድ ዓመት አንድ አበቅቴ ብቻ አለ፤ ከዚህ የጠራ ፈንክሽን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በተቃራኒው «አበቅቴው 1 የሆነው ዓመት የትኛው ነው?» ቢባል 1998ም፣ 2017ም፣ 2036ም መልስ ናቸው። እኛን በይበልጥ የሚስበን ግን ስያሜው ነው። ሊቃውንቱ ውጤቱን «አበቅቴ»፣ በስሌቱ ውስጥ የማይለወጠውን 11 ደግሞ «ጥንተ አበቅቴ» ብለው ለይተዋል፤ ሁለቱ በአንድ ቃል ሥር አልተጨፈለቁም።

በሌሎች ቋንቋዎችም ችግሩ የታወቀ ነው። ዓረብኛ «ዳላ»፣ ማለትም «አመልካች» ሲል፣ በአንዳንድ የዓረብ አገሮች «ታቢዕ»፣ «ተከታይ» ይባላል። ሁለተኛው እንደ እኛው ቃል ከወገኖቹ አንዱን ብቻ፣ ያውም ተረካቢውን፣ የሚጠራ ይመስላል።

በበኩላችን ሥሩን ሳንለቅ ቅርጹን መለወጥ ይበቃል እንላለን። «ርክክብ» በመጀመሪያ እይታ ያጓጓል፤ ነገር ግን እንደ «ምልልስ»ና «ልውውጥ» የመደጋገም ቅርጽ ያለው በመሆኑ፣ በ«ዝምድና» ላይ የነቀፍነውን የጋራነት ስሜት መልሶ ያስገባል። የመሣሪያ ስም የሆነው «ማስረከቢያ» ግን በትክክል ደንቡን ይጠራል። በዚህም «አስረካቢ» ለሀ፣ «ተረካቢ» ለመ ነጻ ይሆናሉ፤ ሁለቱን ስብስቦችም «የአስረካቢዎች ስብስብ»፣ «የተረካቢዎች ስብስብ» ማለት ይቻላል። አንድ አስረካቢ ለሁለት ተረካቢ አያስረክብም የሚለው ሕግ ከቃሉ አይወጣም፤ እርሱን ብያኔው ይሸከመው። «ፈንክሽን» የሚለውም ከጎኑ መጠቀስ አለበት፤ ተማሪው በሁለተኛ ደረጃ መጽሐፉ ውስጥ የሚያገኘው እርሱን ነውና።

ምልክቱን ስለ ማንበብም አንድ ነገር ይቀራል። «ፈ(ሀ)» የሚለውን መምህራን በእንግሊዝኛው ሥርዓት «ኤፍ ኦፍ ኤክስ» እያሉ ያነቡታል። «የ2017 አበቅቴ»፣ «የዘይነባ እናት» እንደምንለው ሁሉ «የሀ ፈ» ተብሎ ቢነበብ አማርኛው ምንም አይጎድልበትም።