ዘር ወይስ ወገን?

ስለ ቀይ ሽብር ፍርድና ስለ አንድ ቃል

በአሁኑ ጊዜ እንደ «ዘር ማጥፋት» አፍ ላይ የቀለለ ከባድ ቃል ያለ አይመስለኝም። ፖለቲከኛው ባላንጣውን ይከስበታል፤ ሰልፈኛው በጨርቅ ላይ ይጽፈዋል፤ የሻይ ቤት ተከራካሪም ነገር ሲያልቅበት ይመዘዋል። ሁሉም ይለዋል፤ ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። ይሁንና ይህ ቃል በአገራችን ፍርድ ቤት ዓመታት ተመርምሮ፣ ምስክር ተሰምቶበት፣ ሰነድ ተቆጥሮበት፣ የአገር መሪ በነበረ ሰው ላይ የጸናበት ጊዜ አለ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት መንግሥቱ ኃይለ ማርያምንና ባልደረቦቹን በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ብሏል።

ታዲያ የቀይ ሽብር ሟቾች «ዘር» ነበሩ ወይ? ካልነበሩስ ፍርዱ ተሳስቷል ማለት ነው? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አንድ ይመስላሉ፤ አይደሉም። ለመጀመሪያው መልሴ «አልነበሩም» ነው። ለሁለተኛውም «አልተሳሳተም» እላለሁ። እርስ በርሱ የሚጋጭ ለሚመስለው አንባቢ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

ቃሉን የፈጠረው ራፋኤል ለምኪን የተባለ የፖላንድ አይሁዳዊ የሕግ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተመው መጽሐፍ ዘርን ወይም ነገድን የሚያመለክተውን የግሪክ ቃል መግደልን ከሚያመለክተው የላቲን ቃል ጋር አጋብቶ «ጄኖሳይድ» አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ድርጊቱን ወንጀል ብሎ ሲያወግዝ፣ ከሚጠበቁት ወገኖች መካከል ፖለቲካዊ ቡድኖችን ጭምር ጠቅሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1948 የወጣው ስምምነት ግን ብሔርን፣ ጎሣን፣ ዘርንና ሃይማኖትን ብቻ አስቀርቶ የፖለቲካውን ቡድን ጣለው። ይህ እንዲሆን ከተሟገቱት ቀንደኞቹ የሶቪየት ኅብረት መልእክተኞች ነበሩ፤ ሌሎችም አገሮች አጅበዋቸዋል። በዚያን ጊዜ በሞስኮ ሥልጣን ላይ የነበረው ስታሊን ነው። ለምን የፖለቲካው ቡድን እንዲወጣ እንደተፈለገ ለመገመት ብዙ መመራመር አያሻም።

ኢትዮጵያ ስምምነቱን ከሁሉ ቀድማ፣ በሰኔ 1941 ዓ.ም. አጸደቀች። የየካቲት 12 እልቂት ትዝታው ያልበረደለት አገር መቅደሙ አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የስዊስ ተወላጁ ምሁር ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 281 ዓለም የጣለውን አንሥቶ፣ የፖለቲካ ቡድንን ለማጥፋት አስቦ የሚገድልንም በዚሁ ወንጀል እንዲጠየቅ አደረገ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 269 ይህንኑ አጽንቷል። እንግዲህ ስለ ሰብአዊ መብት ከሌላው ስንማር ብቻ የኖርን ለሚመስለን ሰዎች፣ የኛ ሕግ ከዓለሙ ሕግ የሰፋበት አንድ ቦታ ይኸውላችሁ።

ደርግ የወደቀው በ1983 ዓ.ም. ነው። በ1984 በወጣው አዋጅ ቁጥር 22 ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ፤ ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ችሎቱ ተከፈተ፤ ፍርዱ እስኪሰጥ 12 ዓመት ፈጀ። ዋናው ተከሳሽ ዚምባብዌ ሆኖ በሌለበት ተዳኘ። በጥር 1999 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወደ ሞት አሻገረው። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በሞት የተፈረደባቸው የደርግ ባለሥልጣናት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠላቸው፤ ብዙዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ከወኅኒ ወጡ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 እንዲህ ያለውን ወንጀል በይርጋም፣ በምሕረትም፣ በይቅርታም አይታለፍም ይላል፤ የሞትን ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ መለወጥን ግን ለርእሰ ብሔሩ ፈቅዷል።

ወደ ፍርዱ እንመለስ። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ በልዩነት ወጥተዋል። ክርክራቸው ባጭሩ፣ ደርግ ባወጣቸው አዋጆች ለተቃዋሚ የፖለቲካ ቡድኖች ይሰጥ የነበረውን ጥበቃ ስላነሣው ድርጊቱ ከባድ የሰው ግድያ እንጂ ዘር ማጥፋት አይባልም የሚል ነው። የልዩነት ሐሳብ በአገራችን ችሎት መሰማቱ ራሱ የሚከበር ነገር ነው። ሐሳቡ ግን አያስማማኝም። አንድ ገዢ «እናንተን ከሕግ ውጭ አድርጌአችኋለሁ» ብሎ ስላወጀ ገድሎ ሲጠየቅ አዋጁን መከታ ማድረግ ከቻለ፣ ጅብ የአህያ ማኅበር ጸሐፊ ሆነ ማለት ነው። ሕጉ የተጻፈው እንዲያ ያለውን አዋጅ የሚያወጣ ሰው እንደሚኖር ታስቦ አይደለም ወይ?

ወንጀሉን ወንጀል የሚያደርገው የሟች ቁጥር ብቻ አይደለም። ቁጥሩማ ዛሬም ያከራክራል፤ ከ30 ሺሕ የሚጀምር አለ፤ ግማሽ ሚሊዮን የሚያደርስ አለ። ዋናው ነገር ሐሳቡ ነው፤ ቡድኑን፣ ቡድን በመሆኑ፣ ለማጥፋት ታስቧል ወይ? የሥነ ጽሑፍ ሰው እዚህ ላይ ከሕግ ሰው እኩል የሚናገረው ያለ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ሐሳብ የሚገኘው በቃል ውስጥ ነው። የደርግን ቋንቋ እናስታውስ። ኢሕአፓ የሚለው ስም ቀርቶ «አናርኪስት» ተባለ፤ ቀጥሎም አናርኪስት ማለት የኢሕአፓ አባል ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ቀበሌው የጠረጠረው ሁሉ ሆነ። ሰው ተገደለ አይባልም፤ «እርምጃ ተወሰደበት» ነው የሚባለው። ቤት ለቤት መበርበር «አሰሳ» ነው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን አሳልፎ መስጠት «ማጋለጥ» ነው። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. በአብዮት አደባባይ ደም መሰል ቀይ ነገር የሞላባቸው ጠርሙሶች ሲከሰከሱ ዓላማው በአደባባይ ተነገረ። ሬሳው መንገድ ዳር የሚቀርበት፣ በላዩ ጽሑፍ የሚለጠፍበት፣ እናት እንዳታለቅስ የምትከለከልበት፣ የልጇን ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የምትጠየቅበት ሥርዓት ነበር። ይህ ሁሉ የአንድ ንዴተኛ ሹም ሥራ አይደለም፤ ስም ወጥቶለት፣ መፈክር ተበጅቶለት የተሠራ ነው። «ቀይ ሽብር» የሚለውንም ስም ያወጡት ገዳዮቹ ናቸው እንጂ ሟቾቹ አይደሉም።

አሁን የሚነሡብኝን ተቃውሞዎች ላንሣ። አንደኛው፣ ዘር ከሰው ጋር ይወለዳል፤ ፖለቲካ ግን ልብስ ነው፣ ሊወልቅ ይችላል፤ ስለዚህ አንድ አይደሉም የሚለው ነው። መልካም፤ ግን ሃይማኖትስ አይለወጥም ወይ? በስምምነቱ ውስጥ ግን ጥበቃ አለው። ደግሞስ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ያ ልብስ ይወልቅ ነበርን? ተጋልጦ፣ ተናዝዞ፣ ጓደኞቹን ቆጥሮ የተረሸነው ምን ያህል ነው? ገዳዩ ከለጠፈበት ስም ሰውየው ማምለጥ ካልቻለ፣ ስሙ በደም ተወረሰ በወረቀት ተጻፈ ለሟች ልዩነት የለውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ከባድ ነው። ኢሕአፓም ገድሏል፤ የቀበሌ ሹማምንትና የመኢሶን ሰዎች በከተማ ውስጥ በጥይት ተመትተዋል፤ ስለዚህ ነገሩ የሁለት ታጣቂዎች ጦርነት ነበር ይባላል። መንግሥቱም ከሐራሬ በሰጣቸው ቃለ ምልልሶች ያደረግነው አብዮቱን መከላከል ነው ሲል ቆይቷል። የኢሕአፓን ጥይት የሚክድ ታሪክ ጸሐፊ ካለ ታሪክ አልጻፈም። ነገር ግን እስር ቤት ገብቶ፣ እጁን ታስሮ፣ ወፌ ላላ ተገርፎ፣ ሌሊት ተጠርቶ የወጣ ልጅ ከማን ጋር ሲዋጋ ነበር? በ1969 የሜይ ዴይ ዋዜማ የረገፉት ተማሪዎችስ? መንግሥት ታጣቂን ተታኩሶ መግደሉ አንድ ነገር ነው፤ የታሰረን ማውጣት ሌላ ነው። መኢሶንም ቢሆን ከደርግ ጋር ሆኖ ሲያጸዳ ቆይቶ፣ ተራው ሲደርስ በዚያው መጥረጊያ ተጠርጓል።

በሌላ በኩል የደርግን ግድያ ሁሉ በዚህ አንድ ስም መጠቅለል አይገባም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የተረሸኑት 60 ያህል ሹማምንት፣ በኋላም የንጉሠ ነገሥቱ መገደል፣ እኔ እንደማየው ያለ ፍርድ የተፈጸመ ግልጽ የሰው ግድያ ነው። የሥልጣን ወንበር ለማጽዳት የተደረገ ነው እንጂ አንድን ቡድን ከነምልምሉ ለመንቀል አይደለም። ስሙ ስላነሰ የደሙ ዋጋ አያንስም። ሁሉን ግፍ በአንድ ትልቅ ስም ከጠራነው ግን ትልቁ ስም ራሱ ያንሳል።

ውጭውን ዓለም እናነጻጽር። በካምቦዲያ ወደ 1.7 ሚሊዮን ይገመታል ሕዝብ አልቋል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2018 የተሰጠው ፍርድ ጄኖሳይድ ያለው የቬትናም ተወላጆችንና የቻም ሙስሊሞችን እልቂት ብቻ ነው። በፖለቲካ ምክንያት የተጨረሱት የክመር ተወላጆች፣ ማለትም እጅግ የሚበዙት፣ በሰብአዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ሰለባ ተብለው ቀሩ። በኛው ጉዳይም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 የሄግ ፍርድ ቤት በጎጃም የደርግ ተጠሪ የነበረውን እሸቱ ዓለሙን ዕድሜ ልክ ሲፈርድበት፣ በደብረ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተገደሉ 75 ወጣት እስረኞችን ጨምሮ ጥፋቱን የጦር ወንጀል ነው ያለው። አንድ ሥርዓት፣ አንድ ዘመን፣ አንድ ዓይነት ሟች፤ በአዲስ አበባ ዘር ማጥፋት፣ በሄግ የጦር ወንጀል! ሁለቱም ፍርድ ቤቶች በያዙት ሕግ ትክክል ናቸው። የኛው ሕግ ግን ሟቾቹ ለምን እንደሞቱ ይበልጥ ቀርቦ ይናገራል፤ የሞቱት በጦርነት መካከል ስለተገኙ ሳይሆን ስላመኑበት ወይም አምነዋል ስለተባሉ ነው።

ታዲያ ቅሬታዬ ምንድን ነው? ቅሬታዬ በአማርኛችን ላይ ነው። ሕጉ «የፖለቲካ ቡድን» ይላል፤ እኛ ግን ሁሉን ባንድ ላይ ጠቅልለን «ዘር ማጥፋት» ብለን ተረጎምነው። ትርጉሙ የግሪኩን ሥር ተከተለ እንጂ የራሳችንን ሕግ አልተከተለም። ውጤቱን በምኖርበት በኮልፌ ቀራንዮ አይቼዋለሁ። ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ኦሮሞው፣ አማራው ጣራ ለጣራ ተያይዞ በሚኖርበት በዚህ ሰፈር፣ አንድ ቅዳሜ ቡና ላይ የቀይ ሽብር ነገር ተነሣ። ከደርግ ውድቀት በኋላ የተወለደ አንድ ወጣት፣ ልጃቸው በ1970 ተወስዶ የቀረባቸውን አንዲት አሮጊት «እማማ፣ ዘር ማጥፋት ከተባለ የየትኛው ብሔር ሰዎች ነበሩ የሚገደሉት?» ብሎ ጠየቃቸው። ልጁ አላጠፋም፤ ቃሉ የሚጠይቀውን ነው የጠየቀው። እሳቸውም «የኔ ልጅ፣ ዘሩን ማን ጠየቀው? ወረቀት አገኘንበት ብለው ነው የወሰዱት። መጥቶ የወሰደውም አብሮት ኳስ ሲጫወት ያደገ የሰፈራችን ልጅ ነው» አሉት።

ደራሲዎቻችን ይህ ጉድለት ቀድሞ የገባቸው ይመስለኛል። ክፍሉ ታደሰ ታሪኩን ሲጽፍ «ያ ትውልድ» ብሎ ሰየመው፤ ቃሉም ከመጽሐፉ አልፎ የሟቾቹ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ሕይወት ተፈራም በ«ማማ በሰማይ» የምትተርከው ስለ አንድ ብሔር ልጆች አይደለም፤ በአንድ ሐሳብ ስለተሳሰሩ ወጣቶች ነው። በአንጻሩ መንግሥቱ መጽሐፉን «ትግላችን»፣ ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ» አሉ። በርእሶቹ ውስጥ ያሉት «እኛ» እና «ያ» ገዳይና ሟች ከየት ሆነው እንደሚናገሩ ይነግሩናል። ይሁንና «ትውልድ» የሕግ ቃል ሊሆን አይችልም። ከዚያው ትውልድ ገዳይም ወጥቷልና።

አማርኛ ግን ድኻ አይደለም። «ወገን» የሚል ቃል አለን። ወገን ዘመድ ነው፤ ወገን ነገድ ነው፤ ወገን በክርክር የቆሙበት ጎራም ነው። «ወገን ለየ» ስንል ፖለቲካ ነው፤ «ወገኔ» ስንል ሥጋ ነው። የዘርንም፣ የሃይማኖትንም፣ የፖለቲካንም ቡድን ሳያዛባ የሚሸከም ቃል ይህ ነው። ደርግም ዋጋውን ያውቅ ነበር፤ ሠራዊቱን «የወገን ጦር» ይል የነበረው ለዚህ ነው። በዚያው አፉ የገዛ ልጆቹን ከወገንነት አውጥቶ ጠላት አላቸው። «ወገን ማጥፋት» ብንል የወንጀሉ ምስጢር በስሙ ውስጥ ይገባል፤ ቃሉ የላላ ነው የሚለኝ የሕግ ሰው ቢኖርም፣ ቃልን የሚያጠብቀው የአንቀጹ ትርጓሜ ነው እልና እመልስለታለሁ።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል። በመስቀል አደባባይ ጥግ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የሟቾችን አጽምና ፎቶግራፍ ይዟል። ገብቶ የሚያይ ወጣት «የማን ዘር?» ብሎ ከጠየቀ ሟቾቹን ሁለተኛ ቀበርናቸው ማለት ነው፤ የሞቱለትን ሐሳብ ነጥቀን ያላነሡትን ባንዲራ አለበስናቸው። ከዚህም በላይ፣ ሰው በሐሳቡ ምክንያት በጅምላ ሲገደል «ዘሩ አልተነካምና ምንም አይደል» የሚል አገር እንዳይሆንብን እሰጋለሁ። ፍርዱ ይጽና፤ ሕጉም የፖለቲካውን ቡድን እንደያዘ ይቆይ። ስሙ ግን ይታረም፤ ሕግ አውጪው እስኪያርመው ድረስም መምህሩ በክፍሉ፣ ጋዜጠኛው በዓምዱ፣ ደራሲውም በመጽሐፉ ሊጀምረው ይችላል።