የወጥ ቤት ካቢኔት ጎንበስ ብሎ ነው የሚታየው

ጥሩ የካቢኔት ባለሙያ ሜትሩን ከመዘርጋቱ በፊት ይጠይቃል። «እትዬ፣ እንጀራ እዚሁ ነው የሚጋገረው? ምጣዱ የት ይቀመጣል? የሚጋግረው ሰው ቁመቱ ምን ያህል ነው?» ይላል። ይህን ሳይጠይቅ ስልኩን አውጥቶ የውጭ አገር ካቢኔት ፎቶ እያገላበጠ «የትኛውን ወደዱት?» የሚል ሰው ሥራው የሚያምረው እስኪጋገርበት ድረስ ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ተረክቦ ወይም የቆየ ቤቱን አድሶ ወጥ ቤት የሚያሠራ ሰው ብዙውን ገንዘብ የሚያፈሰው ፊት ለፊት በሚታየው ላይ ነው፤ በሚያብረቀርቅ በር፣ በወርቅማ እጀታ፣ ከካቢኔቱ ሥር በሚበራ መብራት። በጀት ሲጠብ መቀነስ ያለበት ግን ይኸው ነው። ውሃና እንፋሎት ከሚደርስበት ቦታ አንድ ብር መንሳት አይገባም፤ ካቢኔትን ከእርጅና በፊት ውሃ ይጨርሰዋልና። የማንንም ሥራ ለመመዘን ስሄድ በየማዕዘኑ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ እዚህ ጋ ውሃ ቢፈስ ወዴት ይሄዳል?

ከምጣዱ እንጀምር፤ የእኛን ወጥ ቤት ከካታሎግ ወጥ ቤት የሚለየው እሱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ስፋቱ 60 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። የካቢኔት ጠረጴዛ ጥልቀትም በተለምዶ 60 ሳንቲሜትር ነው። ስለዚህ ምጣዱ ከነማቀፊያው ሲቀመጥ ወይ ከፊት ይተርፋል፣ ወይ ከኋላ ግድግዳውን ይገፋል። ደግሞም ምጣዱ የራሱ ቁመት አለው። ከመሬት 85 ወይም 90 ሳንቲሜትር በሆነ ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ የምትጋግረው ሴት ሊጡን ከዳር እስከ መሀል ለማዞር ትከሻዋን ሰቅላ ነው የምትሠራው። ሽንኩርት ለመክተፍ የሚመቸው ከፍታ እንጀራ ለመጋገር አይመችም። አዋቂ ባለሙያ ለምጣዱ ዝቅ ያለ የራሱ ቦታ ይሠራለታል፤ የምጣዱ አፍ ከጋጋሪዋ ክርን በታች እንዲውል ያደርጋል፤ ጥልቀቱን እስከ 70 ሳንቲሜትር ያሰፋዋል። ከላዩ ካቢኔት አይሰቅልም። አክንባሎው በተነሳ ቁጥር ቡፍ የሚለው እንፋሎት የላይኛውን ካቢኔት ሆድ ነው በቀጥታ የሚመታው፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ጠርዙ አብጦ ልጥፉ መላቀቅ ይጀምራል። መስኮት ካለ ምጣዱ ወደ መስኮቱ ይጠጋል፤ ሌላው ዕቃ ከዚያ በኋላ ቦታውን ይይዛል።

ኤሌክትሪኩም በዚሁ ይታሰብ። ምጣድ ከ3500 እስከ 4000 ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ከ16 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው። ይህን ጭነት ከማቀዝቀዣና ከምድጃ ጋር በአንድ ዲቫይደር ማንጠልጠል ቤት ማቃጠል ነው። የራሱ ብሬከር ያለው፣ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ የተዘረጋለት መስመር ያስፈልገዋል፤ እሱም ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ካልገባ በኋላ ግድግዳ ማፍረስ ይመጣል። ካቢኔት የሚለካውም ሴራሚኩ ካለቀ በኋላ ነው። ባዶ ግድግዳ ለክቶ የሄደ ባለሙያ ሲመለስ ክፍተቱን በሲሊኮን ይሞላል፤ በካቢኔትና በግድግዳ መካከል የጣት ውፍረት ያለው ሲሊኮን ካዩ ልኬቱ እንዴት እንደተወሰደ ከዚያው ይገባዎታል።

አሁን ጎንበስ ይበሉ። የካቢኔቱ ሥራ እውነቱ ያለው ሲንኩ ሥር ነው። በመጀመሪያ እግሩን ይዩ። ሳጥኑ በቀጥታ ወለሉ ላይ ከተቀመጠ አይቀበሉ። እኛ ወለል የምናጥበው ውሃ ደፍተን ነው፤ ኤምዲኤፍም ሆነ ቺፕውድ ከታች ውሃ ሲጠጣ እንደ ተነከረ ዳቦ ያብጣል፤ ካበጠ በኋላ አይመለስም። 10 ሳንቲሜትር ያህል ከፍታ ያለው የፕላስቲክ እግር፣ ከፊቱ ደግሞ ተነቅሎ የሚጸዳ መሸፈኛ፣ ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ኢምንት ነው። ሁለተኛ፣ ሲንኩ ሥር ያለውን ወለል ይዩ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እዚያ ውስጥ ጀሪካን መቆሙ አይቀርም። እኔ ብሆን የዚያን ሳጥን ወለል ጭራሹን አስቀረዋለሁ፤ ሴራሚኩ ወደ ውስጥ ይቀጥል፣ ጀሪካኑ ሴራሚክ ላይ ይቁም። ጣውላ ይተርፋል፣ የሚበሰብስም አይኖርም።

ከዚያ የበሩን የታችኛ ጠርዝ በጥፍርዎ ይዳስሱ። ሰነፍ ሠራተኛ ከላይና ከጎን ያለውን ጠርዝ በፕላስቲክ ይለብጥና ዓይን የማያርፍበትን የታችኛውን ይተወዋል፤ ውሃ የሚንጠባጠበው ግን ወደ ታች ነው። አራቱም ጠርዝ መለበጥ አለበት። በማሽን በትኩስ ሙጫ የተለበጠ ጠርዝ ጥፍር አይይዘውም፣ መገጣጠሚያው ክር እንኳ አያሳይም። በማስቲሽ በእጅ የተለጠፈው ላይ የደረቀ ሙጫ ይታያል፤ ማዕዘኑን በጥፍር ሲገፉት ትንሽ ከፍ ይላል። ለቧንቧ የተበሳው ቀዳዳ ውስጥም ይመልከቱ። ጥሬው ኤምዲኤፍ ቡናማ ሆኖ የሚታይ ከሆነ፣ ቀለም ወይም ሲሊኮን ካልተቀባ፣ የመጀመሪያው ፍሳሽ የሚገባው በዚያ ነው።

ስለ ኤምዲኤፍ ጥራት ሻጩን መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም። መሀሉ አረንጓዴ የሆነው «ውሃ ይቋቋማል» ተብሎ ይሸጣል፤ አረንጓዴው ግን መለያ ቀለም ነው እንጂ ቀለሙ ራሱ ውሃ አያስቆምም። ከሚገዙት ላይ የእጅ መዳፍ የሚያክል ቁራጭ ይለምኑ፣ ውፍረቱን ለክተው ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያሳድሩት፣ ጠዋት እንደገና ይለኩት። ሁለት ሦስት ዓይነት ጎን ለጎን ቢያሳድሩ ምርጫው በራሱ ይወጣል። ገንዘብ ካነሰ ይህን ጥሩ ዓይነት ለታችኞቹ ሳጥኖች ብቻ ይግዙ፤ ምጣድና ምድጃ የማይደርስባቸው የላይኞቹ በመደበኛው ቢሠሩ ጉዳት የለውም። የታችኛውን ክፍል በብሎኬትና በሴራሚክ አስገንብቶ በሩን ብቻ ከአሉሚኒየም ማሠራትም አለ። መልኩ ቀለል ያለ ነው፤ ለውሃ ግን እጅ አይሰጥም፣ እኔም አከብረዋለሁ።

የባለሙያው ቁጠባ የሚለካበት ሌላ ቦታ የቆረጣ ሥዕሉ ነው። አንድ ሉህ 122 በ244 ሳንቲሜትር ነው። የላይኛው ካቢኔት ጥልቀቱ 30፣ ቁመቱ 80 ከሆነ የመጋዙ ብናኝ ተቀንሶ እንኳ ከአንድ ሉህ 12 የጎን ጣውላ ይወጣል። ጥልቀቱን 31 ያድርጉት፤ በወርዱ አራት የነበረው ሦስት ይሆንና በዚያው አደራደር 9 ብቻ ያገኛሉ። ጥልቀቱን 30 ላይ፣ አደራደሩንም እንዳለ ትተው ቁመቱን ከ80 ወደ 90 ያሳድጉት፤ በርዝመቱ ሦስት የነበረው ሁለት ሆኖ 8 ይቀራል። የሚተርፈው ለመደርደሪያ ሊውል ይችላል፤ የሚያውለው ግን አስቀድሞ ያሰበበት ሰው ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት የቆረጣውን ሥዕል አሳዩኝ ይበሉ። ወረቀት አውጥቶ የሚያሳይ ባለሙያ በካሬ ትንሽ ቢያስወድድም መጨረሻ ላይ ሊረክስ ይችላል።

የላይኛው ካቢኔት አሰቃቀል ሕይወት ያለበት ነገር ነው። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ባዶ ሆድ ያለው ብሎኬት ነው፤ ተራ ፊሸር ቀዳዳው ውስጥ የሚነክሰው ቀጭን የብሎኬት ልጣጭ ብቻ ነው። ሳህንና ብርጭቆ ሲሞላበት ቀስ በቀስ ይለቃል። በጥሩ ሥራ ከጫፍ ጫፍ የሚሄድ የብረት ወይም የጠንካራ እንጨት መስቀያ በብዙ ነጥብ ታስሮ፣ የሚቻል ከሆነም ኮለን ላይ ተይዞ፣ ካቢኔቱ በሱ ላይ ይንጠለጠላል። በስሱ የጀርባ ጣውላ በኩል ብቻ ተበስቶ ከተሰቀለ አይሆንም።

ማጠፊያና መሳቢያ ላይ ብዙ አልልም፦ በር ከፍተው ይልቀቁት፣ መሳቢያውን ሙሉ ስበው ጫፉን ጫን ይበሉት። በሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል ይሁን።

ድንጋዩ ላይ ግን ልቆይ። ከቤንሻንጉል ጉሙዝ የሚወጣው የዳለቲ እብነ በረድ ነጭ ነው፣ ዓይን ይይዛል፤ ለወጥ ቤት ጠረጴዛ ግን አልመክረውም። እብነ በረድ ኖራማ ስለሆነ ሎሚና ኮምጣጤ ይበሉታል፤ የበርበሬ ዘይትም ውስጡ ይሰርጋል። ግራናይት አሲድ ይችላል። ቁራጩ ላይ ውሃ ጠብ አድርገው ትንሽ ይጠብቁ፤ ቶሎ ከጠቆረ ይመጥጣልና ማሸጊያ ቅባት ይፈልጋል። ከሁሉ በፊት የማደርገው ግን ድንጋዩ ከበሮቹ ወደ ፊት ወጣ ያለበትን ጫፍ ከታች በጣት መዳበስ ነው። ድንጋይ ቆራጩ በመጋዝ ቀጭን ቦይ አውጥቶለት ከሆነ ከላይ የሚወርደው ውሃ እዚያ ሲደርስ ይንጠባጠባል፤ ወደ በሩ አይዞርም። ቦዩ የሚያስከፍለው ምንም ያህል አይደለም፣ በሮቹን ለዓመታት ያድናል። ይህን ሳይጠየቅ የሚሠራ ሰው ካገኙ ስልኩን ይያዙ።

ቡታ ጋዝ ካቢኔት ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ የበሩ ታችኛ ክፍል፣ ወለሉ አጠገብ፣ የአየር ቀዳዳ ይኑረው። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ ቢያፈስ የሚከማቸው እታች ነው፣ ከላይ የተበሳ ቀዳዳ አያወጣውም።

ውል ሲጻፍ «ካቢኔት በካሬ ይህን ያህል» ብቻ አይበቃም። የጣውላው ዓይነትና ውፍረት፣ የማጠፊያው ዓይነት፣ እግሩ፣ አራቱ ጠርዝ፣ መስቀያው በስማቸው ይጻፉ፤ ያኔ ሁለት ባለሙያዎች የሰጡትን ዋጋ ማወዳደር ይቻላል። ቀብዱ ለዕቃው መግዣ ይሁን፤ የመጨረሻው ክፍያ ከርክክብ ፈተናው በኋላ። ፈተናው ቀላል ነው፦ ሲንኩን እስከ አፉ ሞልተው በአንድ ጊዜ ይልቀቁት፣ በደረቅ ሶፍት የሲፎኑን መገጣጠሚያዎች አንድ በአንድ ይጥረጉ፤ ሶፍቱ ከረጠበ ሠራተኛው እዚያው እያለ ያጥብቀው።