ማቆሚያው በማን እጅ ነው?

እኛ ሀገር አዲስ መሣሪያ ወደ ክፍል ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ተገዛ?» ነው። «ማን ያዘዋል?» የሚል ጠያቂ እምብዛም የለም። እኔ ግን ስለ ተቀረጸ ትምህርት በተነሣ ቁጥር፣ ድምፅም ይሁን የስክሪን ቅጂ፣ የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው።

እስቲ ፕላዝማን እናስታውስ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው ያ ሰፊ ቴሌቪዥን በሳተላይት የሚሰራጭ ትምህርት ያሳይ ነበር። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ። ሐሳቡን አልነቅፍም። ቤተ ሙከራ አይቶ የማያውቅ የገጠር ተማሪ የኬሚስትሪ ሙከራ ሲሠራ በዐይኑ ማየቱ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ስርጭቱ አለመቆሙ ነበር። አብዛኛውን ክፍለ ጊዜ ስክሪኑ ይወስዳል፤ ለመምህሩ የምትተርፈው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያለች ጥቂት ደቂቃ ናት። ስክሪኑ ይጠይቃል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ራሱ መልሶ መንገዱን ይቀጥላል። ማስታወሻ ሊገለብጥ ያጎነበሰ ልጅ ቀና ሲል ጽሑፉ ሄዷል። መብራት ከጠፋማ የዕለቱ ትምህርትም አብሮ ጠፋ፤ መብራቱ ሲመጣ ትምህርቱ ካቆመበት አይጀምርም። መምህሩስ? ጠመኔውን እንደያዘ ጥግ ላይ ይቆማል። ተማሪዎቹ እንዳልገባቸው ከፊታቸው ያነባል፤ «አንዴ ቆይ» የሚልበት ቁልፍ ግን የለውም። በዚህ መሀል እንግሊዝኛው ያልገባው ልጅ ሒሳቡም ፊዚክሱም አመለጠው።

እንዲያው ለነገሩ በጆሮ መማር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የዜማ መምህሩ ያዜማሉ፣ ተማሪው ይከተላል። ሲስት እዚያው ያስቆሙታል፤ «ድገም» ይሉታል። ሳይዘው ወደሚቀጥለው አይሻገርም። ዛሬ የመምህሩን ድምፅ በስልኩ ቀርጾ ማታ የሚያጠና የዜማ ተማሪ አለ፤ ይሁንና በማግስቱ መምህሩ ፊት ቀርቦ ማሰማቱ አይቀርለትም። የቅጂ ትክክለኛ ቦታው ይኸ ይመስለኛል።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱ ወደ ሬዲዮ፣ ወደ ቴሌቪዥንና ወደ ቴሌግራም ዞረ። ከዚያ ወዲህ የኮምፒውተሩን ስክሪን ከነድምፁ እየቀረጸ የሚልክ መምህር ማየት ብርቅ አይደለም። ደግ ነገር ነው! ኤክሴል ላይ ቀመር እንዴት እንደሚጻፍ የሚማር ልጅ የመምህሩን እጅ ደረጃ በደረጃ ይከተላል፤ ሲያመልጠው አቁሞ ይመልሰዋል። ታሞ የቀረም ይደርስበታል። ቋንቋ የሚማር ደግሞ የራሱን ንባብ ቀርጾ ሲሰማ፣ አስተማሪው ደጋግሞ የነገረውን ስሕተት በገዛ ጆሮው ይይዘዋል።

ታዲያ ይኽንኑ መሣሪያ መልሰን ፕላዝማ ስናደርገውስ? የአንድ ሰዓት ቅጂ ይለቀቅና «ልኬላችኋለሁ፣ እዩት» ይባላል። በቃ፣ ተማረ ተብሎ ይመዘገባል። ቪዲዮውን ለማውረድ የሚያልቀው የወላጅ ካርድ ነው፤ በድምፅ ብቻ ቢላክ በጥቂቱ ሊያልቅ የሚችለውን ማለቴ ነው። ተማሪው የማቆሚያ ቁልፍ አግኝቷል፤ አቁሞ የሚጠይቀው ሰው ግን የለም። በፊት መምህሩ ነበረ፣ ቁልፉ አልነበረም። አሁን ቁልፉ አለ፣ መምህሩ ሄዷል።

«ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ለማን ብዬ ላቁም?» የሚል መምህር ይኖራል። እውነቱን ነው፤ ለእያንዳንዱ ማቆም አይቻልም። የማውቃት አንዲት የፊዚክስ መምህርት ግን ከስድስት ደቂቃ የሚበልጥ ቅጂ ክፍል አታስገባም። መሀል ላይ ታቆመዋለች፤ «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ትላለች። ልጆቹ ይገምታሉ፣ ይከራከራሉ፤ ከዚያ ትለቀዋለች። በአማርኛ የሚያስረዳ ካለ አትከለክልም። ለስልሳው ሁሉ የሚያገለግል አንድ ማቆሚያ ይኸውላችሁ።

ስለዚህ ነገ ደግሞ ሌላ ስክሪን ሲገዛ፣ ስንት ኢንች እንደሆነ ከመስማታችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ፦ መምህሩ ማቆም ይችላል ወይ? ሲያቆመውስ ከልጆቹ ጋር የሚነጋገርበት ጊዜ ተሰጥቶታል ወይ? ለሁለቱም መልሱ «አዎ» ካልሆነ፣ ገንዘቡ ለመምህሩ ሥልጠና ቢውል ይሻላል ባይ ነኝ።