ባልዲ ያዘነበለው ድብ

አንድ የቆየ ፖስተር አለ፤ ባየሁት ቁጥር ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ባልዲው ላይ ነው። ባርኔጣ የደፋ፣ ጂንስ ሱሪ የታጠቀ ድብ ሽርሽር የወጣ ሰው ለኩሶ በተወው እሳት ላይ ውኃ ያፈስሳል። የሚሸሽ አውሬ የለም፣ የሚያለቅስ ሕፃንም የለም። ሠዓሊው አልበርት ስቴል ነው፤ አገሩ አሜሪካ፣ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1944።

የሥዕሉን ልክ ለማወቅ ከእሱ በፊት የተለጠፉትን ማየት ያሻል። በ1942 የጃፓን ባሕር ሰርጓጅ መርከብ በካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ባርባራ አጠገብ ያለ የነዳጅ ማውጫ ስፍራ ላይ ተኮሰ። የሎስ ፓድሬስ ደን ከዚያ ብዙም አይርቅም። ጫካው ቢያያዝስ? እሳት ያጠፉ የነበሩት ጎልማሶች ጦር ሜዳ ናቸው። ያኔ ከወጡት ፖስተሮች አንዱ ላይ ሂትለርና የጃፓኑ ቶጆ ከሚነድ ደን በላይ ያፈጥጣሉ፤ ግድየለሽነታችን የእነሱ ስውር መሣሪያ ነው ይላል ጽሑፉ። ያስደነግጣል፤ ታዲያ ምን ላድርግ ለሚል ሰው ግን መልስ የለውም። ቀጥሎ ዋልት ዲዝኒ ባምቢን፣ ያን ዓይነ ትልቅ የአጋዘን ግልገል፣ ለአንድ ዓመት አዋሰ። ባምቢ አንጀት ይበላል። ግን የውሰት ነው፤ መመለሱ አይቀርም።

ባምቢን ስለተካው አዲስ ድብ የተጻፈው መመሪያ ራሱ የእጅ ሥራ ይመስላል፦ አፍንጫው አጠር ይበል፣ ቀለሙ ጥቁር ወይም ቡኒ ይሁን፣ ፊቱ የሚስብ፣ ዐዋቂና ጠየቅ ጠየቅ የሚያደርግ ይምሰል። የአፍንጫዋን ነገር አትናቋት። አፍንጫው የረዘመ ድብ ጥርሱን ያስታውሳል፤ አጠር ሲል ጎረቤት ይሆናል። ስቴል ደግሞ ቡች የተባለውን ውሻ በመጽሔት ሽፋን ላይ እየሳለ ስሙን የተከለ ሰው ነው፤ እንስሳውን ሳያዋርድ ሰው ሰው እንዲሸት ማድረግን ያውቅበታል። ድቡ አይቆጣም፣ ጣቱንም አይቀስርም። ማድረግ ያለብንን እሱ ራሱ እያደረገ ነው።

ከሥሩ ያለው ቃል ግን ሒሳብ ነበር፦ ጥንቃቄ ከ10 የደን እሳት 9ኙን ይከላከላል። የቋንቋው ጥበብ የመጣው በ1947 ነው፤ የደን እሳትን መከላከል የምትችለው አንተ ብቻ ነህ አለ ድቡ። እንዲህ ብዬ ስተረጉመው ግን ተሰበረብኝ። የእንግሊዝኛው ቃል ወንዱንም ሴቷንም፣ አንዱንም ሺሁንም በአንዴ ይይዛል። እኛ «አንተ» ካልን እሷ አመለጠች፤ «እርስዎ» ካልን ወጣቱ አልሰማም፤ «እናንተ» ካልን ሁሉም ወደ ጎኑ ያያል።

ቅስቀሳው ያለ ልክ ሠመረና ጣጣም አመጣ፤ እሳት ሁሉ ክፉ ነው የሚል ስሜት አሳደረ። የደን ባለሙያዎች ግን ሣሩንና ቁጥቋጦውን ለማመናመን ሆን ብለው የሚለኩሱት እሳት አለ። በ2001 ከመፈክሩ «የደን እሳት» የሚለው ወጥቶ «ሰደድ እሳት» ገባ። አንድ ቃል ነው የተነካው፤ ድቡ ባርኔጣውን እንደደፋ ቀረ።

ድቡን ለረጅም ዓመታት የሳለው ግን ሩዲ ዌንደሊን ነው፤ ዛሬ ሰው የሚያውቀው መልክ በአመዛኙ የእሱ ነው። ብዙ ጊዜ ድቡ አካፋ ይዞ ይታያል። የዌንደሊን እጅ ሸጋ ነው፣ አልክድም። ሆኖም አካፋ ይዞ የቆመ ድብ ሥራውን ሊጀምር ይሁን ጨርሶ አይለይም። የስቴል ውኃ ገና እየወረደ ነው።