ከዜናው ጀርባ የቀረ ግጥም፦ የካርቱም ራፕ እና የድረ ገጽ ሂስ

ስለ ካርቱም ራፕ ከ2018ቱ ዐመፅ ወዲህ ብዙ ተጽፏል (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ራፐሩ ግን በድረ ገጽ መጽሔቶች ላይ ስሙ የሚነሣው በአመዛኙ የዐመፁ ምስክር ተብሎ ነው። ስንኙ እንዴት ቤት እንደሚመታ፣ ምቱን ማን እንዳቀናበረው፣ ገጣሚው ከአረብኛ ዘዬዎች የትኛውን ለምን እንደ መረጠ የሚጠይቅ ጸሐፊ እምብዛም አላገኘም። ይህ ዳሰሳ የጉድለቱን ምንጭ በጸሐፊዎቹ ስንፍና ውስጥ አይፈልግም፤ መጽሔቶቹ በተወለዱበት ሁኔታና ራፑ በተሰራጨበት መንገድ ውስጥ ነው የሚፈልገው።

የመጀመሪያው ምክንያት መጽሔቶቹ የተወለዱበት ሁኔታ ነው። በሱዳኑ ፕሬዚዳንት በኦማር አል በሽር ዘመን የኅትመት ሥራ በደኅንነት መሥሪያ ቤቱ መዳፍ ሥር ነበር። ጋዜጣው ታትሞ ካለቀ በኋላ ይወረስ፣ ኪሳራውም ሙሉ በሙሉ አሳታሚው ላይ ይወድቅ ነበር። ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2015 በአንድ ጀንበር የ14 ጋዜጦች ዕትም ተወርሷል። በዚያው ዓመት ካርቱም ውስጥ የተመሠረተው ‹‹አንዳሪያ›› የባህል መጽሔት በአረብኛና በእንግሊዝኛ፣ በድረ ገጽ መውጣቱ እንግዲህ አያስገርምም። የአረቡን ዓለም ሙዚቃ በአረብኛ የሚተቸው ‹‹መዓዚፍ››ም ከ2012 ጀምሮ በዚሁ መንገድ ይሠራል። ድረ ገጹ ከወረሳ አድኗል። ከመዘጋት ግን አላዳነም፤ ከጁን 3 ቀን 2019ኙ የካርቱም ተቃዋሚዎች ጭፍጨፋ በኋላ ወታደሮቹ ኢንተርኔቱን ከአንድ ወር በላይ ሲዘጉ መጽሔቱ ስለ ካርቱም ቢጽፍም ካርቱም አያነበውም ነበር።

ሁለተኛው የጉድለቱ ምክንያት ገበያ ነው። የአሜሪካ ማዕቀብ ከ1997 እስከ 2017 ሲዘልቅ ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ ሱዳን ውስጥ አይሠራም ነበር። በኢንተርኔት አልበም ሸጦ መኖር ለካርቱም ራፐር የማይታሰብ ስለሆነ ዘፈንን አንድ በአንድ በነጻ መልቀቅ ልማዱ ሆነ። የሂፕ ሆፕ ሂስ ደግሞ ያደገው አልበምን ይዞ ነው። በ1988 በሃርቫርድ ተማሪዎች የተጀመረው ‹‹ዘ ሶርስ›› መጽሔት አልበሞችን እስከ አምስት ማይክ እየሰጠ ሲመዝን፣ አንድ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተደምጦ ፍርድ እንዲሰጠው የሚያስገድድ ሥርዐት ተከለ። በአልበም ያልተሰበሰበ ሥራ በዚህ ሚዛን ላይ አይወጣም፤ የሚቀርለት ዜና ብቻ ነው።

ልዩነቱ ከሱዳን ውጭ ባደጉት ራፐሮች ላይ ጎልቶ ይታያል። ዋሽንግተን የተወለደው ኦዲሲ እና ፓሪስ ተወልዶ ኒው ዮርክ ያደገው ባስ የሱዳን ዝርያ ያላቸው ናቸው፤ የሚያዜሙት ግን በእንግሊዝኛ፣ የሚያወጡትም አልበም ነው። የኦዲሲን ‹‹ዘ አይስበርግ›› (2017) የገመገመ ጸሐፊ የራፐሩን የድምፅ አወጣጥና የራሱን የምት ቅንብር ሳይነካ አያልፍም። ባስ በ2023 ‹‹ካርቱም›› የሚል ዘፈን ሲያወጣም የሙዚቃ ሥራ ተብሎ ተደመጠ። ካርቱም ሆኖ ስለ ካርቱም የሚያዜመው ግን ማኅበረሰባዊ ሰነድ ይሆናል።

የዚህን አነባበብ ድካም ለማሳየት ከራፐሩ ከአይመን ማው የተሻለ ምሳሌ የለም። ማው ከውጭ ሀገር ተመልሶ ኤፕሪል 25 ቀን 2019 በጦር ሠራዊቱ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት በተቀመጠው ሕዝብ መሐል ‹‹ደም››ን ሲያሰማ ዜናው የቆጠረው የሕዝቡን ብዛትና የራፐሩን ድፍረት ነው። ግጥሙን ያነሣ ሰው ሌላ ነገር ያገኛል። ያ አንድ ቃል ይደጋገማል፤ ሕዝቡም እንደ ተቀባይ ያነሣዋል። አራት ስንኝን በአንድ ቤት መምቻ የሚያስረው የቡጣና ዘላኖች ዱበይት፣ ተዋጊን በማሞገስና በማሳፈር የታወቁት የዳርፉርና የኮርዶፋን ሴት ገጣሚዎች የሓካማት ዜማ፣ በ2014 ያረፈው የመሕጁብ ሸሪፍ የሕዝብ አረብኛ ግጥም፣ ሁሉም ከዚህ ቃል ጀርባ ቆመዋል። ፖለቲካው ያለው እዚሁ ቅርጹ ውስጥ ነው። ቤት መምቻው ለአድማጩ ሲተው የግጥሙ ግማሽ የሕዝቡ ይሆናል፤ ይህን ያላየ ተቺ ‹‹ደፋር›› ከማለት ውጭ የሚጨምረው አይኖረውም።

ለአማርኛ አንባቢ ነገሩ ሩቅ አይደለም። የሱዳናውያኑ ዘፋኞች የመሐመድ ወርዲና የሰይድ ኸሊፋ ዘፈን መተማን ተሻግሮ እኛ ጋ ቤተኛ የሆነው ቃሉን ሳንሰማ በአምስቱ ድምፅ ቅኝት ስለ ተግባባን ነው። ራፕ ይህ ዕድል የለውም፤ የቆመው በቃል ላይ ስለሆነ ድንበር ለመሻገር ተርጓሚና ተቺ ይሻል።

ከኤፕሪል 2023 ወዲህ የተቺው ሥራ አጣዳፊ ሆኗል። በሠራዊቱና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ሲፈነዳ በ1940 የተመሠረተው የኦምዱርማን ሬዲዮ ግቢ በኃይሉ እጅ ገባ፤ ሠራዊቱ መልሶ የያዘው በማርች 2024 ነው። የታላላቆቹ ዘፋኞች ክር በዚያ ግቢ ተቀምጦ ነበር፤ በመንግሥት ሬዲዮ ቦታ ያልነበረው የጎዳናው ራፕ ግን የሚገኘው በየድረ ገጹ ተበትኖ ነው። ስለዚህ ካይሮ፣ ካምፓላ ወይም አዲስ አበባ የተሰደደ የመጽሔት አዘጋጅ ዛሬ ሊሠራ የሚችለው ግልጽ ነው፤ የግጥሙን ሙሉ ቃል ከነዘዬው፣ የአቀናባሪውን ስም፣ የተቀዳበትን ቦታና ቀን ከግምገማው ጋር አብሮ ማኖር። ይህ ሲሟላ እስከ ዛሬ በአብዮቱ ክብር የታፈነው ፍርድም ይቻላል፤ ለትክክለኛ ዓላማ የተጻፈን ደካማ ስንኝ ደካማ ማለት። ራፐሩን እንደ ገጣሚ መቁጠር የሚጀምረው ከዚያ ነው።