የሉዊ ኤቤር ዘርና ስሙ

ቄስ አዛሪ ኩያር ዴፕሬ በ1913 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ያሳተሙት የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ሉዊ ኤቤርን ገና በአርእስቱ የካናዳ የመጀመሪያ ሰፋሪ ብሎ ይሰይመዋል። ኤቤር የፓሪስ መድኃኒት ቀማሚ ነበረ፤ በ1617 ሚስቱን ማሪ ሮሌንና ሦስት ልጆቹን ይዞ በኬቤክ ሰፈረ፤ በ1627 ሞተ። በዚያው ከተማ በ1918 የተመረቀው የአልፍሬድ ላሊበርቴ ሐውልት አባትየውን ከላይ አቁሞ ሚስቱንና ልጆቹን ከግርጌው አድርጓቸዋል። እንዲህ ያሉ የትውልድ ሠንጠረዦችም ይህንኑ ሥርዓት መከተል ይወዳሉ፤ ከአንድ አባት ይነሡና በስሙ ይወርዳሉ። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ይመስለናል።

ስሙን ተከትለን ብንወርድ ቶሎ እንቆማለን። ልጁ አን በ1618 አግብታ ብዙም ሳትቈይ በወሊድ ሞተች። ወንዱ ልጅ ጊዮም በ1639 ዐረፈ፤ የርሱም ልጅ ዮሴፍ በ1661 በኢሮኳ ተማርኮ ሳይመለስ ቀረ፤ የወንዶቹ ሐረግ በዚሁ ተቋረጠ። በአካዲያ ከአንትዋንና ከኤቲየን ኤቤር የሚወለዱት ቤተ ሰቦች የመድኃኒት ቀማሚው ዘመዶች መሆናቸው አልተረጋገጠም፤ ስሙ ግን ብዙዎችን ወደዚያ ይስባቸዋል። የሉዊ ዘር የወረደው በሴቶች ነው፤ ይኸውም በ1621 ጊዮም ኩያርን አግብታ ዐሥር ልጆች በወለደችው በልጁ በጊየሜትና የፉርኒየ ሚስት በሆነችው በልጅ ልጁ በፍራንሷዝ ነው። ደራሲው ራሳቸው የሚጠሩበት ስም የአማቹ እንጂ የኤቤር አይደለም።

ይህ ነገር ለጎጃም ባለ ርስት እንግዳ አይሆንበትም ነበር። አለን ሆበን በ1973 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት ከአቅኚው አባት ርስት የሚጠይቅ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል እየቈጠረ ይወጣ ነበር፤ በመካከል ሴት አያት በመኖሯ ሙግቱ አይወድቅበትም። ርስት በ1975 ዐዋጅ ቢቀርም የአቈጣጠሩ ጥበብ ለተመራማሪ ይጠቅማል።

የጽሑፍ ማስረጃ ብቻ ይታመናል ለሚሉትም አንድ ነገር እናስታውስ። የኬቤክ ቤተ ክርስቲያን በ1640 ሲቃጠል የክርስትናው፣ የጋብቻውና የቀብሩ መዝገብ አብሮ ነደደ፤ ከዚያ በፊት ያለው ኋላ በሰዎች ትዝታ እንደ ገና ተጻፈ። እንግዲህ ዛሬ ሰነድ ተብሎ የሚጠቀሰው የነዚያ ዓመታት ክፍል ከቃል የተቀዳ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን ከሠንጠረዡ ውጭ የቀሩት የቤቱ ሰዎች ናቸው። ሻምፕላን በ1629 ሲሄድ ኤስፔራንስና ሻሪቴ የሚባሉ ሁለት የኢኑ ልጃገረዶችን በኩያር ቤት ትቷል። ከማዳጋስካር ወይም ከጊኒ መጣ የተባለ አንድ ባሪያ ልጅም በዚያው ቤት አደገ፤ በ1633 ሲጠመቅ ኦሊቪየ ለዠን ተባለ። የመጀመሪያው ስም የአንድ ጸሓፊ፣ ሁለተኛው ያስተማረው የኢየሱሳዊው ካህን ነው፤ ከሁለቱም ጋር የሥጋ ዝምድና የለውም። ስለ ሰፋሪው ቤት የሚጽፍ ሰው እነዚህን ሦስቱን ከተወ የጻፈው የቤቱን ታሪክ ሳይሆን የወራሾቹን ዝርዝር ነው። ኦሊቪየ በ1654 ሲሞት በመዝገቡ የተጻፈለት ቤት አገልጋይ ተብሎ ነው።