የዘላኑ ሚስት ሙግት፦ የሩሚ መስነቪና የሥነ ልቡና ትንታኔ

የፋርስን የሱፊ ግጥም በሥነ ልቡና ትንታኔ የሚመረምሩ ሐያስያን አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሱበት ፍርድ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ምናኔ የታፈነ ምኞት፣ መብቃቃትም ያላገኙትን በመናቅ የሚገኝ መጽናኛ ይሆናል። የፍርዱ ምንጭ ፍሮይድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 በወጣው «ሥልጣኔና ቅሬታዎቹ» ውስጥ፣ ደራሲው ሮማን ሮላን «ውቅያኖሳዊ» ያለውን ሃይማኖታዊ ስሜት፣ ጡት የሚጠባ ሕፃን ራሱን ከዓለም ሳይለይ የነበረበት ጊዜ ቅሪት አድርጎ ተረጎመው። መጠርጠሩ ተገቢ ነው። ስሕተቱ ያለው ገጣሚው ራሱ ጠርጥሮ እንደማያውቅ በመገመት ላይ ነው።

የሩሚ መስነቪ የመጀመሪያ መጽሐፍ ይህን ግምት ያፈርሳል። አንዲት የዘላን ሚስት ድህነቱ ቢመራት ባሏን ትወቅሳለች፤ እሱም ስለ ትዕግሥትና ስለ መብቃቃት ረጅም ስብከት ይሰብካል። ሴቲቱ ግን አልተበገረችም። ከመብቃቃት የያዝከው ስሙን ብቻ ነው፣ የምትናገረው ከትዕቢት ነው ትለዋለች። ፍሮይድ ሊወለድ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ ሲቀረው፣ የመናኙን ንግግር ከመናኙ ፍላጎት ነጥላ አየች። ሩሚ ይበልጥ የሚደነቀው ባልየውን በሚያናግርበት መንገድ ነው። በቃኝ ባይነትን ሲያወድስ የቆየው ሰው ክርክሩ ሲጠብቅበት ዝም ካላልሽ ቤቴን ጥዬ እሄዳለሁ ብሎ ይዝታል። ዓለምን መተው የሚባለው ታላቅ ተግባር በባልና ሚስት ጠብ መካከል ማስፈራሪያ ሆኖ ይገኛል። ቁጣው ስብከቱን ያጋልጠዋል፤ ገጣሚው ግን በማጋለጡ ላይ አንድም ማብራሪያ ሳይጨምር ለአንባቢው ይተወዋል። ይህን ያህል በተቆጠበ የጥበብ ሥራ ፊት ሐያሲው ለሕመምተኛ እንደሚያዝ ሐኪም ሊቆም አይገባውም።

ሩሚ ራሱ በኋላ ሚስትየውን በነፍሲያ፣ ባልየውን በአእምሮ መስሏቸዋልና ፈራጅነቷን ነጥቋታል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ምሳሌው እውነት ነው፤ ነገር ግን ገጣሚው ሁለቱም ያስፈልጋሉ ይላል፣ የታሪኩም አካሄድ ይህንኑ ያረጋግጣል። የባልየው ስብከት አንድ ነገር እንኳ አላንቀሳቀሰም። የዝናብ ውኃ በእንስራ ይዞ ባግዳድ ወዳለው ኸሊፋ እንዲሄድ የመከረችው እሷ ናት፤ እንስራው በወርቅ ተሞልቶ የተመለሰው በምክሯ ነው። ጉድለትን መናገር የጸጋ በር ሆነ፣ ጉድለትን በቃላት መሸፈን ግን በሩን ዘግቶት ነበር።

የመብቃቃት ትምህርት ድሀን ዝም ለማሰኘት ያገለግላል የሚለው ክስ ይበልጥ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1258 የተጻፈው የገጣሚው ሳዲ ጉሊስታን ሦስተኛውን ምዕራፍ በሙሉ ለመብቃቃት ሰጥቷል፤ በዚያ ምዕራፍ ውስጥ መብቃቃት ብዙ ጊዜ ከባለጠጋ ደጅ ላለመጽናትና ክብርን ለመጠበቅ የሚያገለግል ብልሃት ነው። ቁስልን በኩራት መሸፈን ነው የሚል ተንታኝ እዚህ ላይ አልተሳሳተም። ሳዲን በዚህ መመዘን ይቻላል፤ በዚያው ሚዛን ሩሚን መፍረድ ግን የንባብ ስንፍና ነው። የሥነ ልቡና ትንታኔ ለዚህ ግጥም የሚበጀው መናኙን ከመክሰሱ በፊት የሴቲቱን ሙግት እስከ መጨረሻው ሲያዳምጥ ነው፤ ዛሬ እንደ አዲስ ግኝት የሚያቀርበውን ጥርጣሬ እሷ ቀድማው፣ ያውም ባሏን ሳትተው፣ ተናግራዋለችና።